ጓድ ሲከፈል ትዕዛዙ አይከፈልም

ሰላም ወንድሜ። ኢትዮጵያ ወደ ኮርያ የላከችውን የቃኘው ሻለቃን ውጊያ በትናንሽ የወታደር ምስሎች በጠረጴዛ ላይ ልትጫወት ነው፤ የአንድ ጓድ (የትንሿ የጦር ክፍል) ዘጠኝ ሰው ለሁለት ከፍዬ አውቶማቲክ ጠመንጃውን ኮረብታው ላይ ብተው የቀሩትን ማን ያዛል፣ ስንት ትዕዛዝስ ያገኛሉ ነው ያልከው። እኛም አራት ኪሎ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ በዚሁ ነገር ስንነታረክ ከርመናል።

1. ትዕዛዝ የመሪ ነው፣ የቁራጭ አይደለም። ይቺን ካልያዝክ ሌላውን ተወው። እኛ የምንጫወተው ከከረጢት ዳይስ እየሳብን ነው፤ ቀለምህ ሲወጣ አንድ ክፍል ታዛለህ። ሕጋችን ስለ መከፋፈል ምንም አይልም ነበር። አንዱ ጓደኛችን (እዚህ ግሩፕ ውስጥ አለ፣ ያንብባት) ክፍተቷን አየና ሦስቱን ጓድ ሁለት ሁለት ሰው አድርጎ በተናቸው። ከዚያ በቁራጮቹ ልክ ከረጢቱ ውስጥ ዳይስ ጨመረ። እኔ ሦስት ትዕዛዝ ስሰጥ እሱ አስር ምናምን ጊዜ ይተኩሳል! ስናገረው «ሕጉ ላይ አልተከለከለም» ብሎ ማኪያቶውን ይጠጣል። ጓድ በተበተነ ቁጥር ግን ለመሪው ይከብደዋል እንጂ አይቀለውም። ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ደርሶ በአሜሪካ 7ኛ ዲቪዚዮን ስር ሲገባ አደረጃጀቱም መሣሪያውም የአሜሪካ ሆነ፤ በዚያ አደረጃጀት ደግሞ የእጅ ሬዲዮ የሚወርደው እስከ መቶ መሪው ድረስ ነው። ጓድ መሪው ያለው ጉሮሮውና እጁ ብቻ ነው።

2. ረዳቱን አትርሳ። ዘጠኙ ሰው ማለት መሪ፣ ረዳት መሪ፣ ቢ ኤ አር (አውቶማቲክ ጠመንጃ) ተኳሽ፣ የተኳሹ ረዳትና አምስት ባለ ጠመንጃ ነው። ጓዱ ሲከፈል አንዱን ወገን የሚይዘው ረዳት መሪው ስለሆነ ከሩቅ የሚለይ ምስል ያስፈልገዋል። እኔም መሪዎቹንና ረዳቶቹን ለብቻ ከውጭ አዘዝኩ። እቃው ሲደርስ የምረከብበት ቢሮ ያለው ሰውዬ ካርቶኑን ከፈተና ሦስት ሳንቲሜትር የማትሞላ ወታደር በሁለት ጣቱ አንስቶ «ይሄ መሣሪያ ይዟል» አለኝ። «አዎ፣ ቢ ኤ አር ነው» አልኩት። አልሳቀም። ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። የሚመለከተው አካል ዘንድ ስሄድ እኛን አይመለከተንም አሉኝ። ስመለስ ሰውዬው ምሳ ላይ ነው፤ ስጠብቅ ደግሞ ስብሰባ ገብቷል። በመጨረሻ ለቀቁልኝ፣ ግን የመጋዘን ኪራዩ ከእቃው ዋጋ በልጦ ነው። አንተም የምታዝ ከሆነ ደረሰኙ ላይ «የጠረጴዛ ጨዋታ» ተብሎ ይጻፍልህ፣ «ወታደር» የምትል ቃል እንዳትገባ።

ምስሎቹ እስኪለቀቁ ድረስ በቢራ ቆርኪ ነበር የተጫወትነው። ምስሎቹ ከመጡ በኋላም ቆርኪዋን አልተውናትም፣ ምክንያቱም ጭቅጭቁን የጨረሰችው እሷ ናት። ለአንድ ጓድ አንድ ቆርኪ ትሰጣለህ፣ ከመሪው ጎን ትቀመጣለች። ጓዱ ቢከፈልም ቆርኪዋ አንድ ናት፣ ከረጢት ውስጥ ያለው ዳይስም አንድ ነው። አዲስ ትዕዛዝ የሚቀበለው ቆርኪዋ ያለችበት ወገን ነው። ሌላው በመጨረሻ የታዘዘውን ይቀጥላል፦ ካለበት ሆኖ ያየውን ይተኩሳል ወይም ይተኛል፤ ወደፊት አይሄድም፣ አያጠቃም። ረዳት መሪው አብሮት ካለ ዳይስ ይጥላል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከመጣ በራሱ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱ ወገኖች በ6 ኢንች ውስጥ ካሉ ድምፅ ይሰማማሉ ብለን አንዱ ትዕዛዝ ለሁለቱም እንዲሠራ አድርገናል፣ ግን ትዕዛዙ ያው አንድ ዓይነት ነው። አንተ የሌሊት ቅኝት ነው ያልከው፣ እንግዲያው 3 ኢንች አድርገው።

3. ሞራልን (ስንት ሰው ሲወድቅ ጓዱ እንደሚሸሽ) ከዘጠኝ ቁጠር። ከአውቶማቲኩ ጋር ሦስት ሰው ነጥለህ ለብቻ ከቆጠርክ አንድ ሰው ሲወድቅ ሲሶው አለቀ ተብሎ ይፈረጥጣሉ። ደግሞ ያ ጓደኛችን ሁለት ሰው ማጥመጃ አድርጎ ይተውና ሲሞቱበት የቀረው ጓድ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። ስለዚህ የትኛውም ወገን ቢመታ ሂሳቡ በጓዱ ላይ ይያዝ። እጅ መስጠት የሚለውን ሰንጠረዥ ደግሞ ዝለለው፤ ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም። ሞራል ሲወድቅ ቁስለኛቸውን ይዘው ያፈግፍጉ።

እዚሁ ግሩፕ አንዱ ይሄ ሕግ ለዓድዋ ጦርነትም ይሠራል ብሎሃል፣ አትስማው። እዚያ አንዷ ምስል የብዙ ሰው ምትክ ናት፤ ጥያቄውም የጣልያኑ ጄኔራል የአልበርቶኔ ብርጌድ ለምን ከሌሎቹ ተነጥሎ ቀደመ የሚል እንጂ የዘጠኝ ሰው ጉዳይ አይደለም። ለዓድዋ ሌላ ሕግ ያስፈልግሃል።

መልሶ መቀላቀልን ግን አታክብደው። ሁለቱ ወገኖች በ2 ኢንች ውስጥ ከተገናኙ ያለ ዳይስ አንድ ይሁኑ። እኛ ለዚህም ዳይስ እንጥል በነበረበት ጊዜ አንድ ጨዋታ ሳያልቅ ካፌው ወንበር መደርደር ይጀምር ነበር።