በመታጠብ ብዛት እጃችሁ ለተሰነጠቀ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የቆዳ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ በጽሑፍ መድኃኒት አላዝም፤ ግን እንዲህ ዓይነት እጅ በየቀኑ ስለማይ የማውቀውን ልመልስ። ከሁሉም የበዛው «ምን ልቀባ?» የሚለው ነው። ከምትቀቡት ነገር ይልቅ የምትቀቡበት ሰዓት ይበልጣል፤ ዝርዝሩ ከመጀመሪያዋ እህት መልስ ላይ አለላችሁ።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ ወዲህ እጄን ስታጠብ ነው የምውለው። ዳይፐር፣ ጡጦ፣ የሕፃን ልብስ... የጣቶቼ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቆ ይደማል። ሎሽን እቀባለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ መልሶ ይደርቃል።

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ። የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ የሞቱ ሕዋሳት ድርድር ነው፤ በመካከላቸው ስብ አለ። የሰውነታችን ውሃ ተንኖ እንዳያልቅ የሚከለክለው ይህ ስብ ነው። ሳሙና ደግሞ ሥራው ስብ ማንሳት ስለሆነ የሳህኑን ቅባትና የአንቺን እጅ አይለይም። በዚያ ላይ ጤነኛ ቆዳ በመጠኑ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) 5 አካባቢ ነው፤ ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል። ቆዳው የተወሰደበትን ለመተካት ሰዓታት ያስፈልጉታል፣ አንቺ ግን ሳይተካ ትመለሺበታለሽ።

ሎሽኑ የማይበረክተው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው። በፓምፕ የሚወጣ ቀጭን ሎሽን ለደህና እጅ ጥሩ ነው፣ ለተሰነጠቀ ግን አይበቃም። ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ያዢ። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ውሃ ከቆዳ እንዳይተን በማገድ የሚስተካከለው ቅባት የለም ማለት ይቻላል። አቀባቡ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለብ ባለ ውሃ ታጠቢ፤ ሙቅ ውሃ ስብሽን ቶሎ ይወስዳል እንጂ ጀርም በመግደል አይበልጥም። በፎጣ አትፈግፍጊ፣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂ። ከዚያ እጅሽ ገና እርጥበት እያለው፣ ሌላ ሥራ ሳትነኪ፣ አተር የምታህል ቫዝሊን አንስተሽ መጀመሪያ የእጅሽን ጀርባ ከጀርባ አሻሺ፣ ቀጥሎ በጣቶችሽ መሃል አሳልፊ፣ መዳፍሽን መጨረሻ ላይ። ሰው ሁሉ በመዳፉ ይጀምርና ቅባቱ እዚያው ያልቃል፤ የሚሰነጠቀው ግን ጀርባውና መገጣጠሚያው ነው። ደረቅ እጅ ላይ የተቀባ ቫዝሊን የሚይዘው ውሃ ስለሌለ ማጣበቅ ብቻ ይሆናል።

ማታ ወፈር አድርገሽ ቀብተሽ ያረጀ የጥጥ ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቀሽ ተኚ። ሕፃኑ ሲያለቅስ አውልቀሽ መነሳት አለ፣ ምን ይደረግ። የሚደማውን ስንጥቅ ግን ቫዝሊን ሞልተሽበት በፕላስተር ሸፍኚው፤ ክፍት ሆኖ ከሚውል ተሸፍኖ ሲውል ቶሎ ይገጥማል።

ጥያቄ፦ እኔ የሚያሳክከኝና የሚላጠው የጋብቻ ቀለበቴ ሥር ብቻ ነው። ወርቁ አልተስማማኝም?

ብዙ ጊዜ ወርቁ አይደለም። ሳሙናና ውሃ ከቀለበቱ ሥር ገብተው ሳይለቀለቁና ሳይደርቁ ይቀራሉ። ስትታጠቢ አውልቂው፣ ጣትሽ እስኪድን በሐብል አንጠልጥይው። ከዳነ በኋላ ቀለበቱን ባጠለቅሽ ቁጥር ከተመለሰብሽ ወርቁ ውስጥ የተቀላቀለ ኒኬል የሚባል ብረት ሊሆን ስለሚችል ሄደሽ ታዪ።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ነው የምሠራው። ሳኒታይዘር እጄን ስለሚያቃጥለኝ ትቼው ሁልጊዜ በሳሙና እታጠባለሁ። ጥሩ አደረግሁ?

አይ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ተገላቢጦሽ ነው። አልኮል የሚለበልብሽ ቆዳሽ ቀድሞ ስለተሰነጠቀ ነው፤ የሰነጠቀው ግን ሳሙናው ነው። አልኮል ስቡን ቢነካካውም አጥቦ አይወስደውም። የዓለም ጤና ድርጅት የሳኒታይዘር ቀመር 80% ኢታኖል (አልኮሉ)፣ 0.125% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እና 1.45% ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪኑ ጀርም አይገድልም፤ የገባው ለእጅሽ ሲባል ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየደጁ ሲረጭብን የነበረው ባዶ አልኮል ግን ይህ ስላልነበረው የብዙ ሰው እጅ አድርቆ ነበር።

ስለዚህ እጅሽ ላይ የሚታይ ቆሻሻ፣ ደም ወይም ፈሳሽ ካለ፣ ወይም ተቅማጥ ያለበት ታማሚ ከነካሽ በሳሙና ታጠቢ። ከዚያ ውጭ ሳኒታይዘር ይሻልሻል። ሁለቱን በተከታታይ መጠቀም ግን ልማድ ሆኖብናል፣ ጥቅም የለውም። ሌላው፣ እጅሽ እርጥብ እያለ ጓንት አታጥልቂ።

ጥያቄ፦ ሆቴል ቤት ኩሽና ነው የምሠራው። የሚገርመው የሚሰነጠቀው የግራ እጄ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት ጫፍ ብቻ ነው። ቀኙ ሰላም ነው። ሁለቱንም እኩል ነው የምታጠበው።

ወንድሜ፣ ቀኝ እጅህ ቢላዋ ይይዛል፣ ግራህ ምን ይይዛል? ነጭ ሽንኩርት። ለወጥ ቤት ሠራተኛ ይህ የታወቀ ነው፤ እነዚህ ሦስት ጣቶች ጫፋቸው ወፈር ብሎ፣ ደርቆ፣ ተሰንጥቆ ሲመጣ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ነጭ ሽንኩርት ነው። በውስጡ ያሉት የድኝ ውሁዶች ቆዳ ይለበልባሉ፣ አንዳንድ ሰው ደግሞ አለርጂ ያደርጉበታል። አለርጂ ከሆነ ቫዝሊን ብቻውን አያድነውም፣ ነገሩን መራቅ ያስፈልጋል። ችግሩ ውሁዱ በብዙ ዓይነት ጓንት ውስጥ ስለሚያልፍ ጓንት አጥልቆ ቀኑን ሙሉ መላጥ መፍትሔ አይሆንም። ለጥቂት ሳምንት መላጡን ለሌላ ሰው ስጥና እየው። ከዳነ ታውቀዋለህ።

በርበሬና ቃሪያ ግን ሌላ ነው። እሱ ያቃጥላል እንጂ እንዲህ ለይቶ አይሰነጥቅም። የሚያቃጥለው ነገር በውሃ ስለማይሟሟ መጀመሪያ የምግብ ዘይት ቀብተህ ጠርገህ፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጠብ።

ጥያቄ፦ እህቴ እኔ ሪያድ ሰው ቤት ነው ያለሁት። መታጠቢያ ቤቱን በየቀኑ በክሎር ነው የማጥበው። ማዳም ጓንት ግዢልኝ ብላት እሺ ትላለች፣ አታመጣም። እጄ የሰው እጅ አይመስልም።

አይዞሽ እህቴ። ጓንቱን አሁንም ደጋግመሽ ጠይቂ፣ ወይም ለቤቱ ዕቃ የሚገዛ ሌላ ሰው ካለ ለሱ ንገሪው። እስከዚያው የምትችይውን፦ ክሎሩን ሳይበጠበጥ በእጅሽ አትንኪ፣ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ በብዙ ውሃ አቅጥኚው፣ በጨርቅ ሳይሆን እጀታ ባለው ብሩሽ ፈትጊ። ከመጀመርሽ በፊት እጅሽን ቫዝሊን ቀቢ፤ እንደ ጓንት አይከላከልም ግን ትንሽ ይቀንሳል። ስትጨርሺ በንጹሕ ውሃ ብቻ በደንብ አለቅልቂ፣ ሳሙና አትጨምሪበት፣ ከዚያ እንደገና ተቀቢ።

ይህን ግን ከእጅሽ በላይ ያዢልኝ፦ ክሎር፣ ማለትም እኛ በረኪና የምንለው፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በር በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። «ሁለቱን ቀላቅዪ፣ ቶሎ ይነጣል» ብትልሽም እሺ ብለሽ አንዱን ብቻ ተጠቀሚ።

ጓንቱ ሲገኝ ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት አጥልቂበት፣ በየሃያ ደቂቃው አውልቀሽ አናፍሺው። ላስቲክ ውስጥ ሲያልብ የሚውል እጅም ውሃ ውስጥ እንደዋለ ነው የሚጎዳው።

ጥያቄ፦ እናቴ ለጋ ቅቤ ቀቢ ትለኛለች፣ ጎረቤት ሎሚ በግሊሰሪን፣ ሌላዋ እሬት። ማንን ልስማ?

እናትሽ ከሎሚው ጎረቤት ትሻላለች። ቅቤ ቅባት ነውና ያለሰልሳል፤ ነገር ግን የደማ ስንጥቅ ላይ ያልተነጠረ ቅቤ ማስገባት ባክቴሪያ መጋበዝ ነው፣ ሽታውም ሥራ ቦታ አያስኬድም። ለፀጉርሽ አስቀምጪው።

ሎሚውን ተዪው። ክፍት ቁስል ላይ ሲነካ ምን እንደሚያደርግ ታውቂዋለሽ፤ የከፋው ግን የሎሚ ጭማቂ ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። የእኛን ፀሐይ ታውቂያለሽ። ግሊሰሪን ብቻውን ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ውሃ ሳቢ ስለሆነ ሳይቀጥን ደረቅ እጅ ላይ አይቀባ። እርጥብ እጅ ላይ ጠብ አድርጊ፣ ከላዩ ቫዝሊን። እሬት ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ቆዳ ይቆጣል፤ ከውስጥ ያለው ነጭ ዝልግልግ ግን ያቀዘቅዛል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቂበት። ከጋምቤላ የሚመጣ የሺአ ቅቤ ካገኘሽ ግን ያዢው፣ እኔም እወደዋለሁ።

ጥያቄ፦ በቀን አምስቴ ውዱእ አደርጋለሁ። ይህም ያደርቃል?

ውዱእ ያለ ሳሙና ስለሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በጣቶችዎ መሃል ያለውን ውሃ ያድርቁ፣ ከሶላት በኋላ ትንሽ ቅባት ይቀቡ። የሚጎዳዎት ከምግብ በኋላ ያለው ሳሙና ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ፋርማሲ ቤታሜታዞን ሰጡኝ። በሁለት ቀን ድኖልኝ ነበር፣ ስተወው ይመለሳል። አሁን በስንተኛው ቱቦ እንደሆንኩ ረሳሁት።

ይሄ ነው የሚያሳስበኝ። ቤታሜታዞን ስቴሮይድ የሚባል የመድኃኒት ዓይነት ነው። እብጠቱንና ማሳከኩን ያቆማል፣ የተወሰደውን ስብ ግን አይመልስም፤ ስለዚህ ሳሙናው እንደቀጠለ ነገሩ ይመለሳል። በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ልክ ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የሳሳ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ይሰነጠቃል።

አሁን አንድ ነገር አድርግ። ሁለቱን እጆችህን ጎን ለጎን አስቀምጥና እይ፣ ቀጥሎ ጫማህን አውልቅ። የሚደርቀው አንድ እጅ ብቻ ሆኖ፣ መዳፉ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት መስሎ፣ ሁለቱም እግሮችህ እንደዚያው ከሆኑ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። «ሁለት እግር አንድ እጅ» በክሊኒክ የታወቀ ምልክት ነው። ፈንገስ ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ መልኩ ይደበቃል እንጂ ከሥር ይስፋፋል። ሄደህ ታይ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ በጣም ያሳክከኛል፣ በጣቶቼ መሃል። ልጆቼም ጀመራቸው።

ይሄ የሳሙና ድርቀት አይመስለኝም፣ እከክ ነው የሚመስለው። ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት።

ጥያቄ፦ አባቴ ገበሬ ናቸው። እጃቸው በጣም ተሰንጥቋል፣ ግን ምንም አያመኝም ይላሉ። ጠንካራ ስለሆኑ ነው?

የተሰነጠቀ እጅ ያማል። ካላመማቸው ነርቩ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ምክንያት ስኳር ነው፣ ሌላው የሥጋ ደዌ። አትደንግጥ፣ ግን አትዘግይ። ቆዳቸው ላይ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ የደነዘዘ ቦታ ካለ፣ ትኩስ ስኒ ይዘው ሳያውቁት ከተቃጠሉ፣ በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ውሰዳቸው። አዲስ አበባ ከመጡ ዘነበወርቅ ያለው አለርት አለ፤ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥጋ ደዌ ላይ የሠራ ተቋም ነው። መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ፈጽሞም ይድናል።

የሥጋ ደዌ ታማሚዎች የደነዘዘ እጃቸውን ለመጠበቅ በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር ለሁላችንም ይጠቅማል፦ ሳሙና በሌለው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይዘፈዝፋሉ፣ አውጥተው ሳያደርቁ ቫዝሊን ወይም ዘይት ይቀባሉ። መጀመሪያ ውሃውን ማስገባት፣ ከዚያ መዝጋት። እጃችሁ በጣም የሻከረ ሰዎች ማታ ማታ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ክረምት ሲገባ ይብስብኛል።

ማሞቂያው የቤቱን አየር ስለሚያደርቅ ነው። መኝታ ቤትሽ እርጥበት ሰጪ መሣሪያ አድርጊ፣ ውጭ ስትወጪ ጓንት አጥልቂ። ዩሪያ (ቆዳ ውስጥ ውሃ የሚይዝ ንጥረ ነገር) ያለበት የቆዳ ክሬም ጥሩ ነው፣ የተከፈተ ስንጥቅ ላይ ግን ይለበልባል፤ መጀመሪያ ስንጥቁ ይግጠም።

ጥያቄ፦ በስንት ቀን ይድናል?

ሳሙናው ከቀነሰ በሁለት በሦስት ሳምንት መልኩ ይስተካከላል። ከውስጥ ግን ገና ደካማ ነው፣ ለወራት። ብዙ ሰው የሚደናቀፈው «ድኛለሁ» ብሎ ቫዝሊኑን ሲተው ነው። ቢጫ ቅርፊት፣ መግል፣ ትኩሳት ወይም ወደ ክንድ የሚሄድ ቅላት ካያችሁ ግን መቀባቱን ትታችሁ ዛሬውኑ ክሊኒክ ሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ግሪሱን በናፍጣ ያነሳና በኦሞና በሰጋቱራ ይፈትገዋል። እጁ ሲነካኝ እንደ ሞረድ ነው።

ናፍጣው ስቡን ሁሉ ያሟሟል፣ ሰጋቱራው ይቧጭራል፣ ኦሞው የቀረውን ይጨርሳል። ግሪስ በዘይት ይለቃል። ሥራ ሲጨርስ ውሃ ሳይነካ የምግብ ዘይት እጁ ላይ አፍስሶ ይሸው፣ በአሮጌ ጨርቅ ይጥረገው፣ ቀጥሎ በገላ ሳሙና አንዴ ይታጠብ። ጥፍሩ ሥር የቀረችውን ጥቁር ግን ተዪለት፣ እሷን ለማስለቀቅ ብሎ ነው ቆዳውን የሚጨርሰው። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ቫዝሊን ቢቀባ ደግሞ ማታ ግሪሱ በቀላሉ ይለቅለታል።