ማደንዘዣ የሕፃን አእምሮ ያፈዛል?

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 8 ወሩ ነው። በብሽሽቱ ቡአ ወጥቶበት ሲያለቅስ ያብጣል። ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረግ ብሏል። ጎረቤቶቼ ግን «ማደንዘዣ አእምሮ ያፈዛል፤ 3 ዓመት እስኪሞላው ቆዪ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እባክዎ 3 ዓመት አይጠብቁ።

የጎረቤቶችዎ ስጋት ግን መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2003 የ7 ቀን ዕድሜ ላላቸው የአይጥ ግልገሎች ማደንዘዣ ለ6 ሰዓት ሲሰጥ ብዙ የአንጎል ሕዋሳት ሞቱ፤ ግልገሎቹ ካደጉ በኋላም መማር ከበዳቸው። በማደግ ላይ ያለ የነርቭ ሕዋስ ከአጠገቡ ካለ ሕዋስ መልእክት ካጣ ራሱን ያጠፋል፤ ኬታሚንም ሆነ ሃሎቴን የተባሉት ማደንዘዣዎች የሚያፍኑት ይህንኑ መልእክት ነው። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የተናገረው ግን ከ3 ሰዓት ስለሚበልጥ ወይም ስለሚደጋገም ማደንዘዣ ነው።

የልጅዎ እንደዚያ አይደለም። ለዚሁ ለቡአ ኦፕራሲዮን የገቡ 722 ጨቅላዎች በ7 አገሮች ተጠንተዋል፤ ግማሾቹ ሙሉ ሰመመን፣ ግማሾቹ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዝ ተሰጣቸው። ሰመመኑ ባብዛኛው ከ1 ሰዓት ያነሰ ነበር። በ5 ዓመታቸው የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው ምንም አልተለያየም።

ቡአው ግን አይጠብቅም። በሕፃን ላይ አንጀት ቡአው በሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ ተይዞ ደም ሊያጣ ይችላል። ያኔ ሰውነቱ ተዳክሞ በድንገት የሚሰጠው ሰመመን ከታቀደው እጅግ ይከፋል። በሰመመን ወቅት ለአንጎል ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው የኦክስጅን፣ የደም ግፊትና የስኳር መውረድ ነውና።

ጾሙን ስለዚህ በልክ ያስጹሙት። ኦፕራሲዮኑ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ገንፎና የላም ወይም የቆርቆሮ ወተት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የእናት ጡት እስከ 10፣ ንጹሕ ውሃ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ይቻላል። ሆስፒታሉ የተለየ ሰዓት ከነገረዎ ያንን ይከተሉ። «ለጥንቃቄ» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ማስጾም በድሬ ሙቀት ሕፃኑን ያደርቀዋል፣ ስኳሩንም ያወርዳል። ተራው ከዘገየ ውሃ ይሰጠው እንደሆነ ይጠይቁ።

ለሰመመን ባለሙያው ያለ ጊዜው ተወልዶ እንደሆነ፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ጉንፋን ወይም ሳል ይዞት እንደነበር፣ ከዘመድ በማደንዘዣ የተጎዳ ካለ ይንገሩ። በዕለቱ ይመዘን፤ መጠኑ የሚሰላው በኪሎ ነው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እስኪነቃ ድረስ እንዳይወልቅ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከቀጠሮው በፊት እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ካለ፣ ልጁ ካስታወከ ወይም ለቅሶው አልበርድ ካለ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።