ሌዘር፣ ዲከረንስና ቦረቦር፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በሌዘር ደንና ማሳ ስለመለካት ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን ከነመልሳቸው አቀርባለሁ።

ሊዳር ከድሮን ፎቶ በምን ይለያል? (ከደብረ ማርቆስ)

ሊዳር ማለት የሌዘር መለኪያ ነው። መሣሪያው ከድሮን ላይ ወደ መሬት የሌዘር ብርሃን ይልካል፣ ብርሃኑ ነክቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል፣ ከዚያ ርቀቱን ያሰላል። ፎቶ የዛፉን አናት ብቻ ነው የሚያየው። ከሌዘሩ ግን የተወሰነው በቅጠሉ መሃል ሾልኮ አፈር ይነካል። የአናቱና የአፈሩ ልዩነት የዛፉ ቁመት ነው።

አባቴ ዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት ዛፍ) አለው። ነጋዴ በዓይኑ ገምቶ ነው የሚገዛው። ሌዘር ስንት ከሰል እንደሚወጣው ይነግረናል? (ከእንጅባራ)

እህቴ፣ በቀጥታ አይነግርሽም። ሌዘር የሚሰጠው ቁመት ነው። ወደ እንጨት ክብደት ለመቀየር ዛፍ ተቆርጦና ተመዝኖ የተሠራ ቀመር ያስፈልጋል። ዲከረንስ አንድ ላይ ተተክሎ በ4 ወይም በ5 ዓመት ስለሚቆረጥ ለዚህ ይመቻል። ድሮን እስኪገኝ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። 10 በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ከልሉ፣ ግንዶቹን ቁጠሩ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ለኩ። ሦስት አራት ቦታ ብትደጋግሙት ነጋዴው ሲመጣ ቁጥር ይዛችሁ ትጠብቁታላችሁ። አባትሽ የለፋበት እንጨት በግምት መሸጡ ያንገበግበኛል።

በስልክ ይቻላል? (ከቡሬ)

ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት አይፎን ፕሮዎች የሌዘር መለኪያ አላቸው። የሚደርሰው 5 ሜትር ገደማ ነው። ለግንድ ውፍረት ይሆናል፣ ለቁመት አይሆንም።

ክረምት በመጣ ቁጥር ቦረቦር ማሳችንን ይበላዋል። ይኼ ነገር ይረዳናል? (ከጮቄ ግርጌ)

ጋሼ፣ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሌዘሩ ዛፉንና ቁጥቋጦውን አልፎ የመሬቱን ቅርጽ ያወጣል። ውኃው የት እንደሚሰበሰብ፣ እርከኑ በየት መዞር እንዳለበት፣ ቦረቦሩ ወደየት እየሰፋ እንደሆነ ይታያል። ከክረምት በፊትና በኋላ ቢለካ የሄደው አፈር በሜትር ኩብ ይታወቃል። ደምበጫ አካባቢ ያለው የአንጀኒ ተፋሰስ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውኃውና ደለሉ ሲለካበት የቆየ ቦታ ነው። የሌዘሩ ካርታ እንዲህ ካለ ልኬት ጋር ሲገናኝ ነው የሚታመነው። ካርታውን ይዞ ማሳው ላይ ከእርስዎ ጋር የሚሄድ ባለሙያም ያስፈልጋል። ጎርፉ የገባበትን ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?

ከጠፈር በሌዘር የሚለካው ነፃ መረጃ ለደብራችን ደን ይበቃል? (ከሞጣ)

አይበቃም። ናሳ በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር ጣቢያ የላከው ጄዲ የተባለ የሌዘር መለኪያ 25 ሜትር ስፋት ያላቸውን ክቦች እያራራቀ ነው የሚለካው። ጥቂት ሄክታር ደን ላይ አንድም ላያርፍ ይችላል። ለሰፊ አካባቢ ግን ጥሩ ነው።

ወይራውን ከባሕር ዛፉ ይለያል? (ከዚያው ከሞጣ)

ቁመትና ቅርጽ እንጂ ስም አይሰጥም። ስሙን የደብሩን አባቶች ይዛችሁ፣ ደኑ ውስጥ እየዞራችሁ መዝግቡ።