ማኅተሙ የት ይደር?

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። የድሮ ጓደኛዬ ልጅ ነው። የቀበሌ ሊቀመንበር አድርገውታል፤ ገና ወሩ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለኝ። «ማኅተሙን ማታ ማታ ቤቴ ይዤ ልግባ ወይስ ጽሕፈት ቤት ልተወው?»

እኔ ስለ ማዳበሪያ ወይም ስለ ግብር አሰባሰብ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። ዝም አልኩ። ከዚያ «ሰኞ ደውልልኝ፣ አስቤበት እነግርሃለሁ» አልኩት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሰኞ! እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይኸው እጽፋለሁ። እሱም ያንብበው፣ እናንተም እኩዮቹ አንብቡት።

በ1990ዎቹ ደቡብ ወሎ ውስጥ የአንዲት ደጋ ቀበሌ ሊቀመንበር ነበርኩ። ኋላ ተምሬ ወረዳ መሬት አስተዳደር ገባሁ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። «ተመርጬ ነበር» ስል ግን ትንሽ አፍራለሁ። በሕጉ ሕዝቡ ምክር ቤቱን ይመርጣል፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ከአባላቱ መሃል ሊቀመንበሩን። በእኔ ጊዜ ከወረዳ የመጣው ሰውዬ ስሜን ጠራ፣ እጅ ወጣ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ። ስንበተን አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «እኛኮ አልመረጥንህም፤ እጃችንን አወጣን እንጂ» አሉኝ። ሳቅሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ጽሕፈቴም ያምራል፤ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል ብዬ።

ሊቀመንበርነት በእኔ ጊዜ ደሞዝ አልነበረውም። ከተሜው ይሄን አያውቅም። ኋላ ላይ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ የሚባል ደሞዝተኛ መጣ እንጂ ሊቀመንበሩ ያው ገበሬ ነበር። ጠዋት ስብሰባ፣ ከሰዓት እርሻ። ግን የድንበር ጠብ በሱ በኩል ያልፋል። ግብር በሱ በኩል ነበር። በ1997 ሴፍቲኔት የሚባለው የድሃ ቤተሰብ እርዳታ ሲጀመር ማን ይታቀፍ የሚለውን ዝርዝር የሚያወጣው ግብረ ኃይልም የሚሰበሰበው እሱ ጋ ነበር። የድሃ የነጻ ሕክምና ወረቀት እንኳ ያለሱ ማኅተም አይወጣም ነበር።

ማኅተሙን በኮቴ የውስጥ ኪስ ነበር የምይዘው። ቀለሙ ገበሩን አልፎ ደረቴ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ሠርቶ ነበር። ሚስቴ ስታጥበው አይለቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲለቅም አልፈልግም ነበር። ገበያ ስገባ ሰው ያንን አይቶ መንገድ ይለቅልኛል።

የመሬት ምዝገባው ወደኛ የደረሰው ያኔ ነው። ማሳው በገመድ እየተለካ፣ ስም እየተጻፈ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሊሰጥ ነው ተባለ። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ፎቷቸው የሚለጠፍበት ደብተር። ሰው ሁሉ ተሸበረ። ለዓመታት በአፍ የቆየ ነገር ወረቀት ላይ ሊወርድ ነዋ።

በቀበሌያችን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። በኛ አገር ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ መሬቷን ለባሏ ወንድም በእኩል ሰጥታው ነበር፤ እሱ ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ስንት ክረምት አለፈ። ምዝገባው ሲመጣ ሰውዬው «ማሳው የኔ ነው፣ ሳርሰው የኖርኩት እኔ ነኝ» አለ። መሬት በእኩል ማረስ ባለይዞታ እንደማያደርግ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሴትዮዋ የጠየቀችኝ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ግብሩን በየዓመቱ የምትከፍለው እሷ መሆኗን የሚገልጽ፣ ወረዳ ይዛው የምትሄድ። ደረሰኞቿን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

ሰውዬው አበልጄ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳው እሱ ነው።

አልፈጽምልሽም አላልኳትም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ። እምቢ ብላት ኖሮ ወረዳ ሄዳ ትከሰኝ ነበር። «ሰኞ ነይ» አልኳት። ሰኞ መጣች። ግምገማ አለብኝ አልኳት። በሚቀጥለው ሰኞ መጣች። ዝናብ ነበር፤ ነጠላዋ ላይዋ ላይ ተጣብቋል። «እማማ፣ ማኅተሙን ቤት ረስቼው መጣሁ» አልኳት። ኪሴ ውስጥ ነው። ደረቴን አየችው፤ ያንን ሐምራዊውን። ከዚያ ዓይኔን አየችኝ። «እሺ ልጄ፣ ሰኞ እመጣለሁ» አለች። ደረሰኞቿን መልሳ ጠቀለለች፤ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ።

ሦስተኛው ሰኞ አልመጣችም። የዚያ ሰፈር ዝርዝር በሕዝብ ፊት ሲነበብ ማሳው በሰውዬው ስም ተነበበ። ኮሚቴው ወደኔ ዞረ። እኔ መዝገቡን አገላብጣለሁ። «ተቃውሞ ያለው?» ተባለ። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ኋላ ወረዳ ስሠራ ስንት መበለት ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ «ሊቀመንበሩ ሰኞ ነይ ይለኛል» ብላኛለች። እያንዳንዷን በዚያው ቀን ነው የሸኘሁት። ባልደረቦቼ ትጉ ሰው ይሉኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

አባቴ ሦስት ዘመን አይቷል። የንጉሡን ዘመን የመንደር ሹም፣ ጭቃ ሹሙን አይቷል። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅና የገበሬ ማኅበር በ20 ጋሻ መሬት ሲቋቋም እልል ካሉት አንዱ ነበር። ግን ከረሃቡም ከግብሩም ደጅ ጥናቱ ነው የሚያንገበግበው ይል ነበር። በጭቃ ሹሙም ደጅ ጠንቷል፣ በማኅበሩ ሊቀመንበርም ደጅ ጠንቷል። እኔ ስሾም ደስ ብሎት በግ አረደ። ስለ ሴትዮዋ ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጠይቄው አላውቅም።

በ2000 የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ሰው እንዲይዝ ተደረገ። ሰው ሲበዛ አንድ ሰው ብቻውን አይወስንም ተብሎ ነው። እኔም አምኜ ነበር። ስብሰባቸውን ላይ ሄጄ ሳይ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ጢም ብሏል። ሦስት መቶ ሰው፣ አንድ ማኅተም።

እንግዲህ ምክር ካላችሁኝ፦ ጉቦ አትብሉ፣ ዘመድ አትጥቀሙ የሚለውን አልጽፍም፤ እሱን ማንም ይነግራችኋል። የማትፈጽሙትን ግን «አልፈጽምም» በሉ። በጽሑፍ ስጡት፣ ሰውዬው ይዞት ይሂድ፣ ይክሰሳችሁ። የዛሬ ልጆች እዚህ ላይ ትፈራላችሁ። ሥልጠና ሲባል አበሉን ቀድማችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ሲመጣ ግን «እናየዋለን» ነው መልሳችሁ። ስልካችሁን ግን እወደዋለሁ። ያቺ ሴት ደረሰኟን ፎቶ የሚያነሳላትና ለወረዳው የሚልክላት አንድ ጎረምሳ አጠገቧ ቢኖር እኔን ምን አስለመናት?

ወደ ማኅተሙ ልመለስ። ጽሕፈት ቤት ይደር፣ በቁልፍ። ኪስ ውስጥ ከገባ የራስህ ይመስልሃል።

ግን ደግሞ አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። አንድ ሰው የቤቴን በር ደበደበ። ሚስቱ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሊያወርዷት ነው፤ የነጻ ሕክምና ወረቀት የለውም። በኩራዝ ጻፍኩለት፤ ማኅተሙ ኮቴ ውስጥ ስለነበር እዚያው መታሁለት። የተወለደው ልጅ ዛሬ አይሱዙ ይነዳል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ይጭነኛል፤ ሒሳብ አይቀበለኝም። ማኅተሙ ጽሕፈት ቤት ተቆልፎበት ቢሆንስ ኖሮ?

ስለዚህ አላውቅም። ጽሕፈት ቤት ይደር ነው የምለው፤ ቁልፉ ግን ሌሊት ለሚመጣ ሰው ቅርብ ይሁን። ይሄን ለልጁ ልነግረው ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰኞ እስኪደርስ አልጠብቅም፣ አሁን እደውልለታለሁ።