ወረቀቱን ማን ያየዋል? ማስተርስና ሴልታ ላመነታች የኮምቦልቻ መምህርት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮምቦልቻ በግል ትምህርት ቤት አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረሻል። የመጀመሪያ ዲግሪሽም እንግሊዝኛ ነው። «ማስተርስ ልቀጥል ነው፤ ቴፍል ይሻላል ወይስ አፕላይድ ሊንጉስቲክስ? ሴልታ ከማስተርስ ይበልጣል የሚሉኝም አሉ፤ ግራ ገባኝ» ነው ያልሽው። ቴፍል እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር ትምህርት ነው፤ ሴልታ ደግሞ ካምብሪጅ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ መምህርነት ሰርተፊኬት።

አብሽሪ። እኔም በዚሁ መንገድ ተንከራትቻለሁ። ደሴ 11 ዓመት አስተምሬያለሁ። ቴፍል ማስተርሴን በክረምት ተምሬ ጨረስኩ። ሴልታም ወስጃለሁ። በመሃል አንድ የማይረባ ሰርተፊኬት በገንዘቤ ገዝቻለሁ፤ እሱን በኋላ እነግርሻለሁ።

እስካሁን የመለሱልሽ ሰዎች ግማሹ «ቴፍል» ግማሹ «ሴልታ» ብለውሻል። ወረቀቱን ማን ፊት ልታቀርቢው እንዳሰብሽ ግን ማንም አልጠየቀሽም። እኔም ድሮ ራሴን አልጠየቅኩም። ማስተርስ የጀመርኩት እውነቱን ለመናገር ጓደኞቼ ስለጀመሩ ነው። ሰፈር ቡና ላይ «እገሌ እኮ ማስተርሱን ያዘ» ሲባል መስማት የሚያደርገውን ታውቂዋለሽ።

መንግሥት ትምህርት ቤት መግባት ወይም ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ከሆነ ሐሳብሽ፣ ማስተርስ ነው። ሌላ ወሬ የለውም። ሁለተኛ ዲግሪ ደመወዝ ላይ ይታያል፤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያለሱ በሌክቸረርነት አይቀጥርሽም። ሴልታን እዚህ ትምህርት ቢሮ ብታሳዪ የሚያውቀው የለም። እኔ ፋይሌ ውስጥ ይግባልኝ ብዬ ይዤው ስሄድ፣ የተቀበለችኝ ልጅ ገልብጣ ገልብጣ አየችውና «የኮምፒውተር ነው?» አለችኝ።

ውጭ አገር ወይም አዲስ አበባ ካሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አንዱ ጋ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እነሱ ሴልታን ያውቃሉ። ፒጂሲኢንም ይጠይቃሉ። ፒጂሲኢ የእንግሊዞች የመምህርነት ማሠልጠኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ይፈጃል። እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ለማስተማር ብቻ የተዘጋጀ ግን አይደለም። የእኛን ፒጂዲቲ፣ ከዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የመምህርነት ዲፕሎማ፣ የወሰደ ሰው ጠባዩን በግምት ያውቀዋል።

«ሴልታ ከማስተርስ ይበልጣል» የሚሉሽን አትስሚያቸው። በእንግሊዝ የብቃት ደረጃ ሴልታ 5 ላይ ነው የተቀመጠው። የመጀመሪያ ዲግሪ 6 ነው፣ ማስተርስ 7። የሴልታ ታላቅ ወንድም ዴልታ ደግሞ እዚያው 7 ላይ ነው፤ እሱ ግን ልምድ ላላቸው መምህራን ነው፣ ሦስት ሞጁል አለው፣ አሁን አያስቸኩልሽም። በደረጃ ካየነው እንግዲህ ሴልታ ከያዝሽው ዲግሪም ያንሳል።

ያም ሆኖ ማስተማር ያስተማረኝ ሴልታ ነው።

ማስተርሱ ላይ በአራት ክረምት ውስጥ አንድም ሰው ክፍሌ መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሳስተምር አላየኝም። ኮርሶቹ መጥፎ አልነበሩም። ፈተና አወጣጥ፣ የማስተማሪያ መጽሐፍ ዝግጅት፣ ቋንቋ በልጅ ጭንቅላት ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ፣ ብዙ ነገር አንብቤበታለሁ። ፈተና አወጣጡን እስከዛሬ እጠቀምበታለሁ። ቴሲሱ ላይ ነው የተሸወድኩት። «የተማሪዎች የመጻፍ ክህሎት» የሚል ርዕስ ያዝኩ። 120 መጠይቅ አባዝቼ በተንኳቸው። ልጆቹ ከላይ እስከታች «በጣም እስማማለሁ» ላይ ምልክት አድርገው መለሱልኝ። «መጻፍ ያስጠላኛል» የሚለውም ላይ፣ «መጻፍ እወዳለሁ» የሚለውም ላይ። እኔም ቁጥሩን ኮምፒውተር ውስጥ ከትቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ዲፌንሱንም አለፍኩ። አንድ ልጅ የጻፈውን አንድ ገጽ ቁጭ ብዬ ሳላነብ በመጻፍ ክህሎት ተመረቅኩ ማለት ነው። ሲገባኝ አፈርኩ።

ሴልታ 120 ሰዓት ሥልጠና ነው። ሙሉ ጊዜ ከወሰድሽው አራት ወይም አምስት ሳምንት ይፈጃል። አራት የጽሑፍ ሥራ አለው። ዋናው ነገር ግን ስድስት ሰዓት እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆመሽ ታስተምሪያለሽ፤ አሠልጣኙ እያየ ይጽፋል፤ ስትጨርሺ እንዴት እንደነበርሽ ጓደኞችሽ ባሉበት ይወራል። እኔ በኦንላይን ነው የወሰድኩት። ደሴ መብራትና ኔትወርክን አላምን ብዬ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ከረምኩ። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ውጭ ያለ ወንድሜ ነው የከፈለልኝ። ይህን አስቀድመሽ አስቢበት፤ ብሩ ቢኖርሽ እንኳ መክፈያ መንገዱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው።

የመጀመሪያ ቀን አስተምሬ ስጨርስ አሠልጣኟ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከ40 ደቂቃው ስንቱን እኔ እንዳወራሁ። «ግማሹን» አልኳት። እሷ ለካ ሰዓት ይዛ ነበር። 31 ደቂቃ። ያን ያህል ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ እኮ።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ሴልታ ላይ የምታስተምሪው ጥቂት ሰው ነው፣ ያውም ፈልጎ የመጣ አዋቂ። ተመልሼ ደሴ ክፍሌ ስገባ 62 ልጅ ይጠብቀኛል፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው። «ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተወያዩ» አልኩ። ሦስተኛውስ? ጫጫታው ጣሪያ ነካ፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ መምህር የሌለበት ክፍል መስሎት በሩን በርግዶ ገባ። ሦስት ሦስት አድርጌ፣ አንዱን ጠያቂ፣ አንዱን መላሽ፣ አንዱን ጸሐፊ አድርጌ እስካስተካክለው አንድ ሴሚስተር ፈጀብኝ። ይህን ማንም ወረቀት አላስተማረኝም።

ወደ ቴፍልና አፕላይድ ሊንጉስቲክስ ልመለስ። በጥቅሉ ቴፍል ወደ ክፍሉ ያደላል፤ እንዴት ይቀርባል፣ እንዴት ይመዘናል የሚለው ላይ ነው። አፕላይድ ሊንጉስቲክስ ወደ ቋንቋው ያደላል፤ ንግግር፣ ማኅበረሰብ፣ የቋንቋ ፖሊሲ፣ ትርጉምም ሊኖርበት ይችላል። ስሙ ግን ያታልላል። አንዱ ጋ ቴፍል የሚባለው ሌላው ጋ ካለው አፕላይድ ሊንጉስቲክስ ጋር ግማሽ በግማሽ ይመሳሰላል። ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲንም የባሕር ዳርንም የአዲስ አበባንም የኮርስ ዝርዝር ለምነሽም ቢሆን አግኚና ጎን ለጎን አስቀምጪው። የማስተማር ልምምድ የሚል ነገር ካለበት እሱን አስቀድሚ። ለቅጥር ሁለቱም ማስተርስ ናቸው፤ ለአንቺ ሥራ ግን እኔ ቴፍልን እመርጣለሁ።

አፕላይድ ሊንጉስቲክስ የምልሽ አንድ ምክንያት ቢኖር ኮምቦልቻ መሆንሽ ነው። ክፍልሽን እይው። ከባቲና ከከሚሴ በኩል የመጡ፣ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ይኖሩሻል። ለነሱ አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ሦስተኛ። አንቺ ደግሞ ሰዋስው የምታብራሪው በአማርኛ ነው። ይህ ለቴሲስ የሚሆን ነገር ነው፤ ያውም መጠይቅ ሳይበተን፣ የልጆቹን ደብተር ሰብስቦ በማንበብ ብቻ። ቴፍል ገብተሽም ልትሠሪው ትችያለሽ።

አሁን ያቺ ሰርተፊኬት። ስልክሽ ላይ «የ120 ሰዓት ቴፍል» የሚል ማስታወቂያ መጥቶልሽ ያውቃል? እኔ ቅናሽ ነው ሲሉኝ ሠላሳ ዶላር ከፈልኩ። በሦስት ቀን ጨረስኩት፤ ምርጫ ፈተና ብቻ ነው። 120 ሰዓት የሚለው ከሴልታ ጋር አንድ ስለሚመስል ነው የሚያሳስተው። እዚያ ላይ ሳስተምር ያየኝ ሰው የለም። ሥራ ሳመለክት አንዱ ትምህርት ቤት «ታይተሽ ያስተማርሽው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ በኢሜይል ጠየቀኝ። ዜሮ። እዚያው ቀረ። ቴፍል ማስተርስና የኦንላይን ቴፍል ሰርተፊኬት ስማቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ውጭ ተምሬ ልምጣ ካልሽ፣ እንግሊዝ ማስተርስ በአንድ ዓመት ያልቃል። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት ልምድ፣ ማለትም 2,800 ሰዓት ነው። አንቺ አልፈሽዋል። ከተማርሽ በኋላ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ገና ሳታመለክቺ ተሯሩጠሽ አትፈተኚ። በርቀት የውጭ ዲግሪ ለመውሰድ ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ሳንቲም ሳትከፍዪ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ስለ አቻ ግምቱ ጠይቂ። ከተማርሽ በኋላ መጠየቅ ያስለቅሳል።

እንግዲህ እኔን ከጠየቅሽኝ፦ ሥራሽን ሳትለቂ እዚሁ ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴፍል ጀምሪ። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎ ዳገት ሽቅብ ቁልቁል ማለቱ በክረምት ጉም ያሰለቻል፤ ግን ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ቤት ከመከራየት ይሻላል። ሴልታውን ማስተርሱን ስትጨርሺ፣ በእርግጥ ለመሄድ ከወሰንሽ ብቻ ውሰጂው። እስከዚያ የሥራ ባልደረባሽን በሳምንት አንድ ፔሬድ ከኋላ ተቀምጣ ሰዓት እንድትይዝልሽ ለምኛት። በነፃ ነው።

አሁን ግን መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ጋት የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ነው። እንግሊዝኛው አያስቸግርሽም። እኛን የእንግሊዝኛ መምህራንን የሚጥለን የቁጥሩ ክፍል ነው። ፐርሰንትና ሬሾ ከረሳሽ የሒሳብ መምህራችሁን ዛሬውኑ ቡና ጋብዢው።