ሐሮማያ ቢሞላም ሐረር ለምን ወደ ሐይቁ አልተመለሰችም?

እህታችን «ሐሮማያ ሐይቅ ተመልሶ ውሃ ከያዘ፣ ሐረር ለምን ከድሬዳዋ በኩል ታስመጣለች?» ብለው ጠይቀዋል። ጀጎል ውስጥ ያደግሁና ሐይቁ ሲደርቅ የቤታችን ውሃ ቀጂ የነበርኩ በመሆኔ፣ ያየሁትን ልጻፍልዎ።

ከተማችን ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከሐሮማያ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ ቧንቧው ነፋስ ብቻ ይተፋ ጀመር፤ ቦቴ ይመጣል በተባለ ቀን ጀሪካን ደርድረን ወረፋ የምንይዘው ገና ሳይነጋ ነበር።

ለመድረቁ ዝናብን ብቻ በሚወቅሱት አልስማማም። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ከኮረብቶቹ ታጥቦ የሚገባው አፈር ደለል ሆኖ እዚያው ይቀራል፤ በዚህ ላይ የከተማው ፓምፕና የጫትና የአትክልት ማሳዎች ሞተሮች ማን ምን ያህል ይቅዳ ሳይባል ከአንድ እንስራ ይቀዱ ነበር። በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ፍጆታ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከእጅ ጉድጓድ፣ ከባህላዊ መስኖና ከመሳሰሉት በስተቀርም ፈቃድ ይጠይቃል። እኔ ግን በዚያ ዳርቻ ስመላለስ ባለሞተሩን ፈቃድ የጠየቀ ሰው አላየሁም። (ገበሬውን ብቻ መክሰስም አይገባም፤ ከሰዓት በኋላ የምንቅመው ጫት የበቀለው በዚያው ውሃ ነው።)

ከዚያ በኋላ የተመረጠው መፍትሔ በድሬዳዋ አቅራቢያ የሚገኙት የድሬ ጃራ ጥልቅ ጉድጓዶች ናቸው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ውሃው 700 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋል፤ መብራት ሲጠፋ ፈረቃችን የሚዛባው በዚህ ምክንያት ነው። ሐሮማያ ከእኛ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ወደ እርሱ የመመለሱ ሐሳብ የሚያጓጓ መሆኑን አልክድም።

ሆኖም ሐይቁ ያለው በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፤ ጠጪው የሐረሪ ክልል ነው፤ የጉድጓዶቹ ሜዳ ደግሞ በድሬዳዋ በኩል ነው። በየክረምቱ የሚገባውን ደለል የሚገታና የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ድርሻ የሚወስን የጋራ ስምምነት ሳይኖር ከተማን የሚያህል ጠጪ እንደገና ሐይቁ ላይ መጫን፣ በእኔ ግምት፣ ያንኑ የጀሪካን ሰልፍ መልሶ መጥራት ነው። እስከዚያው ቤት ሊከራዩ ካሰቡ፣ ስለ ዋጋው ከመነጋገርዎ በፊት ግቢው ውስጥ ሮቶ መኖሩን ይመልከቱ።