«ሕግ ሳልማር ስለ ቅጂ መብት ላስተምር ወይ?»

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተመርቄ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከተቀጠርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ኃላፊዬ ለአካባቢው ነዋሪዎች ስለ ቅጂ መብት መሠረታዊ ሥልጠና እንድሰጥ መድበውኛል። የሚመጡት መምህራን፣ ሙዚቃ የሚሠሩ ወጣቶች፣ ጡረተኞች፣ ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች፣ ማንበብ ገና የሚማሩ እናቶችም ናቸው። እኔ ሕግ አልተማርኩም። ብሳሳትስ? ደግሞስ ይህ ሥራ ለሙያዬ ይጠቅመኛል ወይስ ጊዜዬን ይበላብኛል? ምክርዎን እፈልጋለሁ።»

እህቴ፣ «ብሳሳትስ» ማለትሽን ወድጄዋለሁ። ሰው ፊት ቆሞ ስለ መብት የሚናገር ሰው እንዲህ ሊጨነቅ ይገባዋል። ጭንቀቱ ግን ሥራውን እንዳያስተውሽ።

ወደ ሙያ ምክር ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት በቤተ መጻሕፍት ሠርቻለሁ። ለመጀመሪያው የቅጂ መብት ሥልጠናዬ አርባ ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1710 ካወጣችው ሕግ ተነስቼ አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲ መብት ለመጠበቅ ወደተስማሙበት ወደ 1886ቱ የበርን ስምምነት ተሻገርኩ። ሠላሳኛው ስላይድ ላይ ስደርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አውጥተው «ይሄ የሟች ባለቤቴ ግጥም ነው። ልጄ ማሳተም ይፈልጋል፤ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ እኔም ድርሻ አለኝ ይላል። የማን ነው?» አሉኝ። በአርባው ስላይድ ውስጥ ለእሳቸው የሚሆን መልስ አልነበረም። ስልካቸውን ተቀብዬ «አጣርቼ እደውልልዎታለሁ» አልኩ።

ያን ቀን የተማርኩትን ነው የምነግርሽ። ሰው ወደዚህ ሥልጠና የሚመጣው በእጁ የያዘው ነገር ስላለ ነው፦ ደብተር፣ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ፣ ለተማሪ የሚባዛ ምዕራፍ፣ የቀዳው ዜማ። ሥልጠናሽን ከዚያ ከያዘው ነገር ጀምሪ። ሕጉን ጥያቄው በፈለገው መጠን ብቻ አምጪው።

እኔ ኋላ ላይ እንዲህ ማድረግ ጀመርኩ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ቁራጭ ወረቀት እሰጥና አራት መስመር እንዲጽፍበት ወይም ሥዕል እንዲሥልበት እጠይቃለሁ። መጻፍ የማይችለው ይሥላል፤ ማንም አይሸማቀቅም። ከዚያ «አጠገባችሁ ላለው ስጡት፤ ስጦታ ነው» እላለሁ። አሁን ወረቀቱ የማን ነው? የተቀባዩ። ሊጥለው ይችላል? ይችላል። ለሌላ ሰው ሊሰጠውስ? አዎ። ሺህ ቅጂ አባዝቶ ሊሸጠውስ? እዚህ ላይ ክፍሉ ለአፍታ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ይንጫጫል። የጻፈውን ሰው ስም ፍቆ የራሱን ቢያደርግበትስ? ያኔ ሁሉም በአንድ አፍ «አይሆንም!» ይላል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የዕቃው ባለቤትነት ከሥራው ባለቤትነት እንደሚለይ፣ የኢኮኖሚ መብት (አባዝቶ የመሸጥ) እና የሞራል መብት (ስሙ ከሥራው ጋር የመቆየት) የሚባሉት ምን እንደሆኑ፣ አንድም የሕግ ቃል ሳትጠሪ አስተማርሽ ማለት ነው። ቀጥለሽ «ከእናንተ ማን ሥራውን አስመዘገበ?» በይ። ማንም። ጥበቃው ግን አለ፤ ከ180 በላይ አገሮች አባል በሆኑበት በበርን ስምምነት መሠረት መብቱ ሥራው ሲፈጠር ይወለዳል እንጂ ምዝገባ አይጠብቅም።

ይህን ልምምድ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ብዙ ሰው ወደ ክፍሉ የሚገባው ጥፋተኛ ሆኖ ነው። ለልጁ መጽሐፍ መግዣ አጥቶ ፎቶኮፒ ያደረገ አባት ስለ ቅጂ መብት ሲሰማ ሊከሰስ የተጠራ ይመስለዋል። «አትቅዱ፣ አታውርዱ፣ ትቀጣላችሁ» ብለሽ ከጀመርሽ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፤ ተመልሶም አይመጣም። የራሱ ሥራ ባለቤት መሆኑን ቀድሞ ካየ ግን የሌላውን ባለቤትነት ለመረዳት አይቸገርም።

ቃላት ላይ ጊዜ ውሰጂ። «የቅጂ መብት» የሚለው ስያሜ ራሱ ያሳስታል። አንድ ወጣት «የቅጂ መብት ማለት መቅዳት መብቴ ነው ማለት አይደለም እንዴ?» ብሎኛል፤ ከልቡ ነበር። «የመቅዳት መብት ነው፤ መብቱ ግን የሠሪው ነው» ስለው ፊቱ በራ። ሌላው አስቸጋሪ ቃል «ነፃ» ነው። በነፃ ያገኘነው ሁሉ ነፃ አይደለም፤ ሳይከፈልበት የሚታይ ፎቶም ባለቤት አለው። ስለዚህ «ያለ ክፍያ» እና «ያለ ገደብ» እያልሽ ለይተሽ ተናገሪ። «ፈቃድ» ሲባልም ከመንግሥት ቢሮ የሚወጣ ወረቀት የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። አስተርጓሚ ካለሽ እነዚህን ቃላት ከሥልጠናው በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩባቸው።

ከዚያ ሁሉንም ነገር በአራት ጥያቄ አስኪጂው። ይህ ሥራ ጥበቃ አለው? ባለቤቱ ማን ነው? እኔ ምን ላደርግበት ነው? ለዚያ ፈቃድ አለኝ ወይስ ሕጉ ራሱ የፈቀደው ሁኔታ ነው? ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ እንደሌለውና የሚጠበቀው የተገለጸበት መንገድ እንደሆነ በመጀመሪያው ጥያቄ ሥር ትጠቅሺዋለሽ። የጥበቃው ዘመን ያለፈበት ሥራ የሁሉም መሆኑንም እዚያው።

ትግሉ ያለው አራተኛው ላይ ነው። «ስሙን ከጠቀስኩ ችግር የለውም»፣ «ሠላሳ ሰከንድ ይፈቀዳል»፣ «ካልሸጥኩት ማን ይከለክለኛል» የሚሉትን ሦስቱን በየሥልጠናው ትሰሚያቸዋለሽ። ስም መጥቀስ በብዙ አገር ግዴታ ነው፤ ፈቃድን ግን አይተካም። በሁሉም አገር የሚሠራ የሰከንድ ወይም የገጽ ልክም የለም። የበርን ስምምነት መጥቀስን ሲፈቅድ የሚለው ሥራው በሕጋዊ መንገድ ለሕዝብ የቀረበ ይሁን፣ የሚጠቀሰው ዓላማው ከሚፈልገው አይብለጥ፣ ምንጩም ይነገር ነው። ከዚህ ውጪ ያለው እንደ አገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ሕግ ዳኛው አራት መመዘኛዎችን አይቶ የሚወስንበት ሰፊ አንቀጽ አለው፤ በርካታ አገሮች ግን የሚፈቀደውን አንድ በአንድ ዘርዝረው ነው የሚያስቀምጡት። ኢንተርኔት ላይ የምታገኚው ማብራሪያ አብዛኛው የአሜሪካውን የሚመለከት ስለሆነ እንዳለ ወስደሽ አታስተምሪው። የአገርሽን ሕግ የዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት ዋይፖ ሌክስ በተባለው ያለ ክፍያ የሚከፈት የመረጃ ቋቱ ውስጥ ፈልጊና ልዩ ሁኔታዎችን የሚዘረዝሩትን አንቀጾች አትመሽ ጠረጴዛሽ ላይ አኑሪ። በተለይ ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚለውን በቃልሽ እወቂው።

አሁን ስለ ተሳታፊዎችሽ። መምህራኑ ክሪኤቲቭ ኮመንስን ካወቁ ብዙ ሸክም ይቀልላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያዎቹ ከወጡ ጀምሮ ደራሲው አስቀድሞ «በዚህ ሁኔታ ተጠቀሙበት» የሚልባቸው ፈቃዶች ናቸው። ዛሬ ስድስት ዓይነት አሉ። አንዱን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሌሎቹ ይገባሉ።

ወጣት ሙዚቀኞቹ ጋ ቆየት በይ፤ የሚጎዱትም የሚሳሳቱትም እነሱ ናቸው። አንድ የተቀዳ ዘፈን ውስጥ የግጥሙና የዜማው መብት፣ የተጫዋቹ መብት፣ የቀረጸው ሰው ወይም ድርጅት መብት ተደራርበው ይገኛሉ። ሰሌዳ ላይ ሦስት ክብ ሥለሽ እነሱው ስም ይሙሉበት። አንድ ጊዜ ሦስት ጓደኛሞች ሲሞሉ ዜማው የማን እንደሆነ ሊስማሙ አልቻሉም፤ ዩቲዩብ ላይ ከጫኑት ዓመት አልፎታል። እረፍት ላይ ደረጃው ላይ ተቀምጠው በአንድ ገጽ ወረቀት ተስማምተው ተመለሱ።

ከሌላ አገር የመጡት ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ስለ ትርጉም ይጠይቃሉ። የልጆች መጽሐፍ በቋንቋዋ ተርጉማ ለልጇ የምታነብ እናት አትጨነቅ። አሳትማ ወይም ቴሌግራም ላይ ለቅቃ ማሰራጨት ከፈለገች ግን የመተርጎም መብት የደራሲው ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ የሠራችው ትርጉም ደግሞ የራሷ መብት ያለበት ሥራ ነው። ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ እስከዚያ ድረስ ሥራዋን እንደ ሥራ የቆጠረላት ሰው ላይኖር ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እልሻለሁ። ማየት የተሳናቸው ተሳታፊዎች ሲኖሩ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውን የማራካሽ ስምምነት ሳትነግሪያቸው እንዳትለቂያቸው። ስምምነቱን የተቀበሉ አገሮች መጽሐፍ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሌላ ሊነበብ በሚችል ቅርጽ የባለመብቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዲዘጋጅ በሕጋቸው ይፈቅዳሉ፤ በአገሮች መካከልም መለዋወጥ ይቻላል። ሥራውን ከሚሠሩት ተቋማት መካከል ቤተ መጻሕፍት አሉበት። መብት እያላቸው የሚለምኑ አንባቢዎችን አይቻለሁ፤ ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ወደ ፍርሃትሽ ልመለስ። ደብተር ይዘው ለመጡት እናት ከሳምንት በኋላ ደወልኩ። የነገርኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ መብቱ ከደራሲው ሞት በኋላ በበርን ስምምነት ዝቅተኛው ልክ 50 ዓመት፣ በብዙ አገሮች ደግሞ 70 ዓመት ይቆያል፤ ለወራሾችም ይተላለፋል። ስለዚህ ለማሳተም የወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል። ከወራሾቹ ማን ምን ይደርሰዋል የሚለው የውርስ ሕግ ጥያቄ በመሆኑ ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጫ መራኋቸው። ድንበርሽ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ በጥቅሉ ምን እንደሚል ማስረዳት የአንቺ ሥራ ነው፤ «በእርስዎ ጉዳይ ይህን ያድርጉ» ማለት የጠበቃ ነው። የክስ ማስጠንቀቂያ የደረሰው፣ ውል ሊፈርም የተዘጋጀ፣ በገንዘብ የሚከራከር ሰው ከመጣ ሳትመልሺ ወደ ጠበቃ ምሪው። ይህንን በሥልጠናው መግቢያ ላይ ተናገሪ። «አላውቅም፤ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ማለትን ልመጂ፤ ያልሽውን ቀን ግን አታሳልፊ።

የራስሽን ጽሑፍና ስላይድም አጥሪ። ከኢንተርኔት ያለ ፈቃድ በወሰድሽው ፎቶ ስለ ቅጂ መብት ብታስተምሪ አንድ ታዳጊ ይይዝሻል። የራስሽን ፎቶ አንሺ፣ የሌላ ሰው ከሆነ ፈቃዱን ከሥሩ ጻፊ። የምታዘጋጂው ጽሑፍ መብትስ የአንቺ ነው ወይስ የቀጣሪሽ? በብዙ አገሮች ሠራተኛ በሥራው የሠራው የቀጣሪው ስለሚሆን ኃላፊሽን አሁኑኑ ጠይቂ፤ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ እንዲወጣም ሐሳብ አቅርቢ፤ ሥራ ብትቀይሪም አብሮሽ ይሄዳል።

ለሙያሽ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ከምታስቢው በላይ። ዩኒቨርሲቲዎች የተመራማሪዎቻቸውን ኅትመት የሚያማክር፣ ማሰራጫ ጣቢያዎችና አሳታሚዎች የድሮ ሥራዎችን መብት የሚያጣራ፣ ቤተ መዛግብት ክምችታቸውን ወደ ዲጂታል ሲቀይሩ የትኛው ሊለቀቅ እንደሚችል የሚለይ ሰው ይፈልጋሉ። ለእነዚህ ቦታዎች የሚወዳደር ሰው ሕጉን ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ሕግ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት መቻሉ ይታያል፤ አንቺ ደግሞ ያንን ልምድ ከወዲሁ እያካበትሽ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዝግቢ፦ ስንት ሥልጠና፣ ለማን፣ የትኞቹ ጥያቄዎች ተነሱ (የጠያቂ ስም ሳይኖር)፣ የትኛውን መለስሽ፣ የትኛውን ለጠበቃ አስተላለፍሽ። ሲቪሽ ላይ «ሥልጠና ሰጥቻለሁ» ከሚለው ይልቅ ይህ መዝገብ ይናገርልሻል። ጎን ለጎን የዓለም የአእምሮአዊ ንብረት ድርጅት ያለ ክፍያ የሚሰጠውን የርቀት መሠረታዊ ኮርስ ውሰጂ። ፈቃዶቹን የሚያወጣው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ድርጅትም ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሚሆን ሰርተፍኬት አለው፤ የሚከፈልበት ስለሆነ ቀጣሪሽ እንዲሸፍንልሽ ጠይቂ።

የመጀመሪያው ሥልጠና ከአንድ ሰዓት ተኩል አይብለጥ። ግማሹን ለወረቀቱ ልምምድና ለአራቱ ጥያቄዎች፣ ግማሹን ይዘውት ለመጡት ነገር ስጪው። ማስታወቂያው ላይ «የሠራችሁትን ወይም ልትጠቀሙበት ያሰባችሁትን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ» ብለሽ ጻፊበት፤ ማንበብ ለሚከብዳቸው ደግሞ በቃል አስነግሪ። መመለስ ያቃተሽን ጥያቄ ጻፊልኝ፤ አብረን እንፈልገዋለን።